የካናዳ የካርቦን ሪቤት ሲገመገም፦ ሒሳቡ ትክክል ነበር፣ አቀራረቡ ግን አበላሸው

በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በቶሮንቶ ወይም በዊኒፔግ የሚኖር ሰው በየሦስት ወሩ በ15ኛው ቀን ባንኩ የሚገባ ገንዘብ ነበረው። የመጨረሻው የተከፈለው ኤፕሪል 22 ቀን 2025 ነው (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ «የአየር ንብረት እርምጃ ማበረታቻ» ይባል ነበር፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ስሙ ተቀይሮ «የካናዳ የካርቦን ሪቤት» ሆነ። ከነዳጅ ላይ የተሰበሰበውን የካርቦን ታክስ ለቤተሰብ የሚመልስ የመንግሥት አገልግሎት ነበር። በታክሱ ላይ አገር ምድሩ ተጨቃጨቀ። ተመላሹ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር፤ የአገልግሎቱም ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋጋ ተመነ። ዋጋው በኤፕሪል 2019 በ20 ዶላር ተጀመረ፣ እስከ 2022 ድረስ በየዓመቱ 10 ዶላር እየተጨመረበት 50 ደረሰ፣ በ2023 ደግሞ 65፣ በኤፕሪል 2024 80 ሆነ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.2 ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ፣ በ80 ዶላር ሲሰላ በሊትር 17.61 ሳንቲም ይመጣል። የቤት ማሞቂያ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ ደግሞ በሜትር ኩብ 15.25 ሳንቲም ነበር። ካልጋሪና ኤድመንተን ባሉበት አልበርታ ክፍለ ግዛት ውስጥ ጋዝ የሚሸጠው በጊጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ስለሆነ ቢሉ ላይ 4.095 ዶላር ተብሎ ይጻፍ ነበር። ከተሰበሰበው ገንዘብ 90 በመቶ ያህሉ፣ እዚያው በተሰበሰበበት ክፍለ ግዛት፣ ለነዋሪው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ይመለስ ነበር። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2008 ጀምሮ የራሱ ታክስ ስለነበረው፣ ኩቤክም የራሱ የልቀት ገበያ ስላለው የፌዴራሉ ሪቤት እዚያ አይደርስም ነበር። ቫንኩቨር ያለ ዘመድ «ለእኔ ለምን አልመጣም?» ሲል መልሱ ይኸው ነበር።

እንደ እቁብ ቢታሰብ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፦ መዋጮው እኩል አይደለም፣ ዕጣው ግን እኩል ነው። የምትከፍለው ባቃጠልከው ልክ ነበር፤ የሚደርስህ በቤተሰብህ ቁጥር ነበር። ሁለቱ አይገናኙም። ብዙ ሰው የሳተው ነጥብ ይህ ነው። «ወስደው ከመለሱልኝ ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ጥያቄ በየመኪና ማቆሚያው፣ በየቡና ቤቱ ይነሣ ነበር። መልሱ፣ ነዳጅ የቀነሰ ሰው የሚከፍለው ይቀንስለታል፣ የሚመለስለት ግን አይነካበትም የሚል ነው።

በቁጥር እንየው። በ2024 ካልጋሪ ውስጥ አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በየሦስት ወሩ 450 ዶላር፣ በዓመት 1,800 ዶላር ያገኝ ነበር። አከፋፈሉ ለመጀመሪያው አዋቂ 225፣ ለትዳር ጓደኛ 112.50፣ ከ19 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 56.25 ነው። ቤቱ በዓመት 110 ጊጋጁል ጋዝ ቢያቃጥል 450.45 ዶላር ይከፍላል። መኪናው 2,500 ሊትር ቢጠጣ 440.25 ይሆናል። በታክሱ ላይ ደግሞ 5 በመቶ ጂኤስቲ (የፌዴራል የሽያጭ ታክስ) ይጨመር ነበር፤ «ታክስ በታክስ ላይ» የሚለው ቅሬታ ትክክለኛ ነው፣ እንዲህ መሠራት አልነበረበትም። ድምሩ 935 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ በእጅ የሚቀረው ወደ 865 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ በዕቃና በትራንስፖርት ዋጋ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው ይቀነሳል፤ ያም ቢሆን ለተራ ቤተሰብ ሒሳቡ ወደ ትርፍ ያደላል። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚኖር ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ ነበረው። ይህ ግን የዓመቱ የገቢ ታክስ ቅጽ ሲሞላ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግን ይጠይቃል፣ ያልተመለከታት ሰው አልፋዋለች።

ቶሮንቶ ባለበት ኦንታሪዮ ላይ ትርፉ ጠበብ ይላል። ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 1,120 ዶላር ነበር። 2,200 ሜትር ኩብ ጋዝና 2,500 ሊትር ቤንዚን ላይ የሚከፈለው፣ 13 በመቶውን ኤችኤስቲ (የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ የሽያጭ ታክስ በአንድ ላይ) ጨምሮ፣ 877 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ የሚተርፈው 243 ያህል ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ወይም ያረጀ፣ ክፍተቱ ያልተደፈነ ቤት ያለው ሰው እዚያ በቀላሉ ይከስራል።

የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ በወገኖቻችን መካከል ክርክሩ የበረታው በእነሱ ዘንድ ነውና። በዓመት 80,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር በ100 ኪሎ ሜትር 8.5 ሊትር በሚጠጣ መኪና 6,800 ሊትር ያቃጥላል። በዚህ ላይ የካርቦን ታክሱ 1,197 ዶላር ነው። ነጠላ ከሆነ የአልበርታ ሪቤቱ 900 ብቻ ስለሆነ 297 ዶላር ይጎድልበታል። ለእሱ «አብዛኛው ሰው ይጠቀማል» ማለት መልስ አይሆንም፣ ቅሬታው እውነት ነበር። ተመሳሳይ መንገድ በሃይብሪድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ቢነዳ ግን 4,000 ሊትር ይበቃዋል፤ ታክሱ 704 ይሆናል፣ ያው 900 ይመጣለታል፣ 196 ዶላር ይተርፈዋል። ከታክሱ ብቻ የሚድነው 493 ዶላር ነው፣ የቤንዚኑ ዋጋ ሲጨመር ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነው። በራሱ ስም የሚሠራ ሾፌር ደግሞ ነዳጁን ታክሱን ጨምሮ በወጪ ስለሚያስይዝ እውነተኛው ጉዳቱ ከዚህ ያንሳል። ችግሩ፣ ሃይብሪድ ለመግዛት መጀመሪያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሪቤቱ በየሦስት ወሩ ተቆራርጦ ሲመጣ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይሄዳል እንጂ ለመኪና ቅድመ ክፍያ አይጠራቀምም። መንግሥት እዚህ ላይ አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር ቢያያይዝለት ኖሮ ታክሱ የታሰበለትን ሥራ በፍጥነት ይሠራ ነበር።

አሁን አቀራረቡ ላይ እንምጣ፤ አገልግሎቱ የወደቀው እዚህ ነው። የካልጋሪን የጃንዋሪ የጋዝ ቢል እንውሰድ። 18 ጊጋጁል በተቃጠለበት ወር «የፌዴራል ካርቦን ታክስ» የሚለው መስመር ላይ 73.71 ዶላር ተጽፎ ይመጣል። በ2024 የአልበርታ ጋዝ በጣም ስለረከሰ፣ ይህ መስመር በብዙ ወራት ከጋዙ ዋጋ በልጦ ታየ። ቢሉን የከፈተ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በዚያው ወር በ15ኛው ቀን የገባው 450 ዶላር ግን ባንኩ ላይ ምን ተብሎ ታየ? ከፌዴራል መንግሥት የመጣ አንድ ተራ ገቢ። ለዓመታት አንዳንድ ባንኮች ከየትኛው ፕሮግራም እንደመጣ እንኳ አይለዩትም ነበር። ከልጆች ድጎማውና ከጂኤስቲ ተመላሹ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል። ወጪው በየቀኑ በማደያው ይታያል፣ ገቢው በዓመት አራት ጊዜ ያለ ስም ይመጣል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ወዳጅ ሊያፈራ አይችልም።

ከ2022 በፊትማ የባሰ ነበር። ገንዘቡ በዓመቱ የገቢ ታክስ ተመላሽ ውስጥ በአንድ መስመር ተጨምሮ ይመጣ ስለነበር፣ ታክስ ለባለሙያ የሚያሠራ ሰው ጭራሽ አያየውም። በ2022 የታተመ ጥናት በካናዳና በስዊዘርላንድ ሪቤቱ ለታክሱ ያመጣው ድጋፍ እምብዛም እንደሆነ፣ ብዙ ሰው የተመለሰለትን ከእውነተኛው አሳንሶ እንደሚገምት አሳይቷል። በስዊዘርላንድ ተመላሹ ከጤና መድን ክፍያ ላይ እየተቀነሰ ስለሚመጣ እዚያም ዓይን ውስጥ አይገባም።

ባለትዳሮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ውዥንብር ነበረ። ክፍያው ለቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሰው ስም ይገባ ነበር፤ የሚገባውም የገቢ ታክስ ሰነዱ ቀድሞ ለተጣራለት ነበር። ስለዚህ ሚስት ስታገኝ ባል «ለእኔ አንድም ቀን አልመጣም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ በእሱ ሒሳብ አልገባማ። በየዓመቱ ቀድሞ ያስገባው ሰው ሲቀያየር ተቀባዩም አብሮ ይቀያየር ነበር። ለየብቻ ከፍሎ ለየብቻ ማስገባት ምን ያስቸግር ነበር?

ተቃዋሚዎቹ ይህን ክፍተት በደንብ ተጠቀሙበት። የኦንታሪዮ መንግሥት በ2019 ማደያዎች የታክሱን ጭማሪ የሚያሳይ ተለጣፊ በየቤንዚን መቅጃው ላይ እንዲለጥፉ በሕግ አስገደደ። ተመላሹን የሚጠቅስ ነገር አልነበረበትም። ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን የንግግር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው፣ ግን መልእክቱ ደርሷል። የተቃዋሚው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ መሪ ፒየር ፖሊየቭ «ታክሱን ቁረጡት» የሚለውን መፈክር ይዘው አገሩን ሲዞሩ፣ መልስ መስጠት የነበረበት መንግሥት የያዘው የሒሳብ ሠንጠረዥ ብቻ ነበር።

መንግሥት ራሱ ያደረሰው ጉዳት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። በኦክቶበር 2023 የማሞቂያ ዘይትን ለሦስት ዓመት ከታክሱ ነፃ አደረገ። በዘይት የሚያሞቁት በብዛት ያሉት በአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች ነው፤ በተፈጥሮ ጋዝ የሚያሞቀው አልበርታና ሳስካችዋን ግን መክፈሉን ቀጠለ። ዘይት ከጋዝ የበለጠ ካርቦን የሚያወጣ መሆኑ ነገሩን የባሰ አደረገው። «ሁሉም ባቃጠለው ልክ ይከፍላል» የሚለው መሠረት ያን ዕለት ተናደ። ሳስካችዋንም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከቤት ማሞቂያ ጋዝ ላይ ታክሱን መሰብሰብ አቆመ። የታክሱ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህን ውሳኔ ሊከላከል የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ የለምም።

የቁጥር ክርክሩም ተበላሸ። የፓርላማው የበጀት ቢሮ ሁለት ስሌት ነበረው። አንደኛው በቀጥታ የሚከፈለውንና የሚመለሰውን ብቻ ሲያነጻጽር አብዛኛው ቤተሰብ እንደሚያተርፍ ያሳያል። ሁለተኛው በደመወዝና በኢንቨስትመንት ገቢ ላይ ይመጣል የተባለውን ጉዳት ሲጨምርበት ትርፉ ወደ ኪሳራ ይዞራል። መንግሥት የመጀመሪያውን፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን እያነሣ ሁለቱም «ቢሮው እንዲህ አለ» ይሉ ነበር። በ2024 ቢሮው በሁለተኛው ስሌት ውስጥ የኢንዱስትሪውን የካርቦን ዋጋ በስሕተት እንደጨመረበት አመነ፣ በኦክቶበር አርሞ ሲያወጣው ጉዳቱ ቀነሰ። እርማቱን ግን የሰማው ሰው የተሳሳተውን ከሰማው እጅግ ያነሰ ነው። የኑሮ ውድነቱ ሁሉ ከታክሱ ነው የሚለውም ልክ አልነበረም፤ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ቲፍ ማክለም የታክሱ ዓመታዊ ጭማሪ በዋጋ ንረቱ ላይ የሚጨምረው 0.15 የመቶኛ ነጥብ እንደሆነ ገልጸው ነበር።

ሁለት ክርክሮች አንድ ላይ እየተደበላለቁ ቀርበዋል፣ መለየት አለባቸው። አንዱ የአየር ንብረት ለውጡ ምን ያህል ከባድ ነው የሚለው ነው። ሌላው ይህ ታክስ ትክክለኛው መሣሪያ ነው ወይ የሚለው ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2021 የካርቦን ታክሱን ሕግ 6 ለ 3 ሲያጸና፣ የለውጡን መኖርና አደጋ የተከራከረ ወገን አልነበረም፤ ሳስካችዋን፣ ኦንታሪዮና አልበርታ የተከራከሩት በፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ላይ ነው። ካናዳ ከዓለም አማካይ በእጥፍ ያህል ፍጥነት እየሞቀች ነው። በጁን 2021 ሊተን የምትባለው ትንሽ ከተማ 49.6 ዲግሪ ተመዘገበባት፣ በማግሥቱ ተቃጠለች። በጁላይ 2024 አልበርታ ውስጥ ባለችው ጃስፐር ከተማ ከሕንፃዎቹ ሲሶው ያህል ነደደ። በቀጣዩ ወር በረዶ የካልጋሪን ሰሜን ምሥራቅ፣ ብዙ ስደተኛ የሚኖርበትን ሰፈር፣ ጣራና መስኮት ደበደበ፤ በኢንሹራንስ የተያዘው ጉዳት ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ነው። የቤት ኢንሹራንስ ክፍያ ሲጨምር ማንም «የካርቦን ወጪ» ብሎ በቢል ላይ አይጽፈውም። ያ ወጪ ግን ተመላሽ የለውም።

«ካናዳ የዓለም 1.5 በመቶ ብቻ ናት፣ እኛ ብንቀንስ ምን ይለወጣል?» የሚለው ተደጋግሞ ይሰማል። ቁጥሩ ትክክል ነው። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ግን ካናዳ ከዓለም ከፍተኛ ልቀት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፣ ድርሻችን ትንሽ ነው የሚሉ አገሮች ሲደመሩ ደግሞ የዓለምን ልቀት ትልቅ ክፍል ይይዛሉ። ለውጡ ከባድ ነው እያሉ ታክሱን መቃወም ግን ይቻላል፣ ብዙዎችም አድርገዋል። ማርክ ካርኒ ራሳቸው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፋይናንስ ልዩ መልእክተኛ ነበሩ፤ ማርች 14 ቀን 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን የሸማቹን ታክስ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ዜሮ የሚያደርገውን ውሳኔ አሳለፉ። የትልልቅ ፋብሪካዎች የካርቦን ዋጋ ግን አልተነሣም። በልቀት ቅነሳ በኩል ትልቁን ሥራ የሚሠራው ያኛው ስለሆነ፣ «ካርቦን ታክስ ቀረ» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው።

አነስተኛ ንግዶች በዚህ አገልግሎት ክፉኛ ተጎድተዋል። ድርሻቸው ከ2019 ጀምሮ ተቆልሎ ቆይቶ የተከፈለው በ2024 መጨረሻ ነው፤ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ለ600,000 ገደማ ድርጅቶች። ስሌቱ በሠራተኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚያስኬዱት ምግብ ቤት የጋዝ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ቢነድም የሚደርሰው ትንሽ ነበር። ንግዱን በኩባንያ ሳያስመዘግብ በግል ስሙ የሚሠራ ደግሞ ምንም አያገኝም ነበር።

ቤንዚን በኤፕሪል 2025 በአንድ ሌሊት በሊትር 17 ሳንቲም ገደማ ወረደ፣ ሰውም ተደሰተ። ከጁላይ ጀምሮ ግን 450ው ዶላር አልመጣም። ብዙ ነጂ ላልሆነ፣ በኪራይ አፓርታማ ለሚኖር፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ግልጽ ኪሳራ ነው።

ያልተወሰደ ገንዘብ ያለው ሰው አሁንም ሊጠይቅ ይችላል። ሲአርኤ (የካናዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት) የሚከፍለው የዓመቱን የገቢ ታክስ ሰነድ ላስገባ ብቻ ስለሆነ፣ ገቢ የለኝም ብሎ ያላስገባ ሰው ሳያገኝ ቀርቷል። በብዛት የሚረሱት 19 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ከልጅነት ድርሻቸው ወጥተው በራሳቸው ስም ማግኘት ይጀምሩ ነበር፣ በ2024 ተመን አልበርታ ላይ በዓመት 900 ዶላር ነበር፣ የታክስ ሰነድ ካላስገቡ ግን ዜሮ። አዲስ የመጡ ስደተኞችም አርሲ151 የሚባለውን ቅጽ፣ ልጆች ያሏቸው ደግሞ የልጆች ድጎማውን አርሲ66 ቅጽ መሙላት ነበረባቸው። ከአልበርታ ወደ ኦንታሪዮ የተዛወረ አድራሻውን ካላስቀየረ በተሳሳተ ተመን ተከፍሎት ሊሆን ይችላል። በሲአርኤ የግል መለያ ገብቶ ከጁላይ 2022 እስከ ኤፕሪል 2025 ያለውን እያንዳንዱን ክፍያ ማየት ይቻላል። የጎደለ ሩብ ዓመት ካለ የዚያን ዓመት የታክስ ሰነድ አሁን ማስገባት ነው። የ2025 የፌዴራል በጀት ከኦክቶበር 30 ቀን 2026 በኋላ ለሚገባ ሰነድ ሪቤት እንዳይከፈል ሐሳብ ስላቀረበ፣ ፋይሉን ከዚያ ቀን በፊት ማስገባት ያስፈልጋል።